ከኪስ ወደ ኪስ የሄደ ብር ገቢም ወጪም አይደለም

 

በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ጾም ወይም ስለ ዘካ። ስለ ጾም የሚጠይቀኝ ሰው ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ስለ ዘካ የሚጠይቀኝ ግን ስልኩን ያወጣና የባንክ መልእክቶቹን ያሳየኛል። "ሼህ፣ ይኸው ይሄ ገብቷል፣ ይሄ ወጥቷል፣ ይሄም ገብቷል፤ እንግዲህ ስንት ላውጣ?" ይለኛል። ቁጭ ብለን መልእክቶቹን አንድ በአንድ ስናያቸው፣ "ገባ" ካለው ብር ውስጥ ብዙው ከራሱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ራሱ ሒሳብ የሄደ ሆኖ እናገኘዋለን። አልሐምዱሊላህ፣ ሰውየው ሊዋሽ አልፈለገም። አጻጻፉን ነው ያላወቀው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ትንሽ ስለምትመስል ነገር ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው፣ ከባንክ ወደ ቴሌብር፣ ከቴሌብር ወደ ኪሱ ሲያዛውር ሀብቱ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። ይህን ዝውውር እንደ ገቢ የጻፈ የሌለውን ሀብት አለኝ ይላል። እንደ ወጪ የጻፈ ደግሞ ያለውን ሀብት የለኝም ይላል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳ ሰው አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ራሱ፣ አንዳንድ ጊዜ ቤተሰቡ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ደጅ ላይ የቆመው ድሃ።

ይህን የምናገረው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ካለፉት ዓመታት በአንዱ ረመዳን ለደረሶች ኢፍጣር የሚሆን ገንዘብ በእኔ ስም ባለ ሒሳብ በኩል ይገባ ነበር። ከአዲስ አበባም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከዐረብ አገርም ወንድሞችና እህቶች ይልካሉ። እኔ ከባንክ ወደ ቴሌብር አዛውራለሁ፣ ከቴሌብር ጥሬ ብር አወጣለሁ፣ በጥሬ ብሩ ዱቄትና ቴምር፣ ዘይትና ስኳር አስገዛለሁ። በደብተሬ ላይ የነበሩኝ ዓምዶች ግን "ገቢ" እና "ወጪ" የሚሉ ሁለት ብቻ ነበሩ። ብሩ ከባንክ ሲወጣ "ወጪ" ብዬ ጻፍኩ፤ ዱቄቱ ሲገዛም እንደገና "ወጪ" ብዬ ጻፍኩ። በ27ኛው ሌሊት ስደምረው ደብተሩ ከተላከልኝ በላይ እንዳወጣሁ ነገረኝ። እጄ ላይ ግን 7,400 ብር ቀርቶ ነበር። ደብተሩ "ሰዎቹ የአንተ ዕዳ አለባቸው" ይለኛል፤ ኪሴ ደግሞ "የሰው ገንዘብ ይዘሃል" ይለኛል። ደብተሩን አምኜ ቢሆን ኖሮ የደረሶችን ሐቅ የራሴ ነው ብዬ እበላው ነበር።

ያዳነችኝ ኮሌጅ ገብታ የሒሳብ አያያዝ የተማረችው ልጄ ናት። ደብተሩን ተቀብላ አየችውና "አባ፣ ይሄ እኮ ወጪ አይደለም፤ ዝውውር ነው" አለችኝ። ሦስተኛ ዓምድ አሰመረችልኝ። ከየት ወጣ፣ ወደ የት ገባ፣ ስንት፣ መቼ። ነገሩ ይኸው ነው። አርባ ዓመት ኪታብ ስገልጥ ኖሬ፣ ይህችን ሦስተኛ ዓምድ ከልጄ ተማርኩ።

ደግሞስ ይህ ትምህርት ለአሊዩ አምባ አዲስ ሊሆን ይገባ ነበር? አገራችን የሲራራ ነጋዴ አገር ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የተነሳ ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደዚህ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ገበያው በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። እስኪ አስቡት፤ አንድ ነጋዴ እዚህ ካስቀመጠው 100 አሞሌ ውስጥ 50ውን ጭኖ አንኮበር ወዳለው ቤቱ ቢያስወጣ "50 አሞሌ አተረፍኩ" ይላል? "50 አሞሌ ከሰርኩ" ይላል? አይልም። ጨዉ ቦታ ለወጠ እንጂ ባለቤት አልለወጠም። ለጫኝ የከፈለው ኪራይ ግን ወጪ ነው፤ እሱ በእውነት ከእጁ ወጥቷል።

የዛሬው ባንክም ከዚህ አይለይም። የተዛወረው ብር ጨዉ ነው፤ ባንኩ የሚቆርጠው የአገልግሎት ክፍያ የጫኝ ኪራይ ነው። 10,000 ብር አዛውራችሁ 12 ብር ቢቆረጥባችሁ፣ 10,000ው ዝውውር፣ 12ቱ ወጪ ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱን ደርባችሁ 10,012 ብር ወጪ ብላችሁ አትጻፉ።

ይህ ስህተት ዛሬ የበዛበት ምክንያት አለው። ድሮ አንድ ቤተሰብ ቢኖረው አንድ የቁጠባ ደብተር ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ወለድ አልባ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቴሌብር ተጀመረ፤ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑት ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክም ሥራ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን አንድ የማሾ ነጋዴ ዛሬ ገዢው የሚያስገባለት አንድ ባንክ፣ ቁጠባውን የሚያስቀምጥበት ወለድ አልባ ባንክ፣ ለዕለት የሚገለገልበት ቴሌብር አለው፤ የኪሱ ጥሬ ብር አራተኛ ነው። አንድ ብር በአራቱም ቤት ሲዞር አራት መልእክት ይመጣል። የማያስተውል ሰው አራት ብር ያየ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዘካው እንምጣ። ነጋዴው አምና ረመዳን በአራቱም ቦታ በድምሩ 2,600,000 ብር ነበረው እንበል። በዓመቱ ውስጥ ከቤት ወጪው የተረፈው 400,000 ብር ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ያለው 3,000,000 ብር ነው። ኒሷብ ሞልቷል፣ ዓመቱም ደርሷል ብለን ብናሰላ፣ ከ40 አንድ እጁ 75,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ መካከል ደግሞ 800,000 ብር ከአንዱ ባንክ ወደ ወለድ አልባው አዛውሮ ነበር። ይህን ዝውውር በሁለተኛው ባንክ በኩል ብቻ አይቶ "ገቢ" ብሎ ቢጽፈው ሀብቱ 3,800,000 ይመስለዋል፤ ዘካው 95,000 ይሆንበታል። በመጀመሪያው ባንክ በኩል ብቻ አይቶ "ወጪ" ብሎ ቢጽፈው ደግሞ ሀብቱ 2,200,000 ይመስለዋል፤ ዘካው 55,000 ይሆንለታል። በመጀመሪያው ስህተት 20,000 ብር ከማይገባው ላይ ይወጣል፤ እሱ ቢያንስ ሰደቃ ይሆንለታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በሁለተኛው ስህተት ግን 20,000 ብር የድሆች ሐቅ በእጁ ይቀራል። ሰውየው ዘካዬን አውጥቻለሁ ብሎ በሰላም ይተኛል፤ ጎረቤቱ ያለች የሙት ልጅ እናት ግን ድርሻዋን አላገኘችም።

በኒሷብ ጠርዝ ላይ ላለ ሰው ነገሩ ይብሳል። ኒሷብ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር የሚያህል ዋጋ ነው። በወርቁና በብሩ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በዚህ ዘመን በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ በየትኛው እንደምትይዙ የአካባቢያችሁን ዑለሞች ጠይቁ። በየትኛውም ይሁን፣ ዝውውሩን ሁለት ጊዜ የቆጠረ ሰው ዘካ ሊቀበል የሚገባው ሆኖ ሳለ ራሱን ዘካ ሰጪ አድርጎ ሊያገኘው ይችላል።

ሌላም አለ፤ እሱም ሐውል ነው። በሻፊዒ መዝሀብ እንደ ስጦታና ውርስ ያለ አዲስ የተገኘ ገንዘብ የራሱን ዓመት ይጠብቃል፤ በሐነፊ መዝሀብ ኒሷብ ከሞላው ከነበረው ገንዘብ ጋር ተደምሮ አብሮ ይወጣለታል። አሁን በሻፊዒ መዝሀብ የሚሄድ አንድ ወንድም በሻዕባን 300,000 ብር ከባንክ ወደ ባንክ ቢያዛውርና "ገቢ" ብሎ ቢጽፈው፣ በረመዳን ሲያየው "ይሄ አንድ ወር የሆነው አዲስ ገንዘብ ነው፤ ዓመቱ አልሞላም" ይላል። ገንዘቡ ግን አሮጌ ነው፤ ሦስት ዓመት ከእሱ ጋር የኖረ ነው። አዲሱ ነገር ባንኩ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሳይቀየር በቤቱ መቀየር ዓመት አይቆጠርም። አውቆ ዘካ ለመሸሽ የሚያደርገውማ ከአላህ ጋር ተንኮል መግጠም ነው።

ዝውውር ዓመቱን እንደማያድሰው ሁሉ ገንዘቡንም አያጠራውም። ወለድ ከሚታሰብበት ሒሳብ ብሩን ወደ ወለድ አልባ ሒሳብ ያዛወረ ሰው መልካም አድርጓል። ነገር ግን እዚያ የተጠራቀመው ወለድ አብሮ ስለመጣ ሐላል አይሆንም። ዋናውንና ወለዱን ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ዑለሞች የሚያዙት ወለዱ ከሀብታችን እንዲወጣ ነውና። በአንድ መስመር ጠቅልሎ ያዛወረ ሰው ከዓመት በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይችልም።

በቤት ውስጥ ጠብ የሚያነሱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ጥሬ ብር ማውጣት ነው። ከማሽን 5,000 ብር ያወጣ ሰው ገና ምንም አልገዛም፤ ከባንክ ወደ ኪሱ አዛወረ እንጂ። ወጪው የሚጻፈው ሥጋው ሲገዛ፣ የልጆቹ ልብስ ሲገዛ ነው። ሁለቱም ወጪ ተብሎ ሲጻፍ የወሩ ወጪ እጥፍ ይሆናል፤ ባል ሚስቱን "ብሩን የት አደረግሽው?" ይላታል፤ እሷም እሱን ትጠረጥራለች። በረመዳን ምሽት በዚህ ምክንያት ኢፍጣር ሳይጣፍጣቸው ያደሩ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ጥፋተኛው ከሁለቱ አንዳቸውም አልነበሩም፤ ደብተሩ ነበር።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። 20 ሰው በየሳምንቱ 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 40,000 ብር ነው። ዕጣው በአምስተኛው ሳምንት የወጣላት እህት እስከዚያ የጣለችው 10,000 ብር ነው። ስለዚህ ከ40,000ው ውስጥ 10,000ው የራሷ ገንዘብ ተመለሰላት፤ 30,000ው ግን ወደፊት የምትከፍለው ዕዳ ነው። አንዱም ብር ገቢ አይደለም። በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ 40,000ውም የራሱ ነው፤ እሱም ገቢ አላገኘም፤ ያጠራቀመውን ተቀበለ። ለዕቁብ የሚጣለውን "ወጪ"፣ ዕጣውን "ገቢ" ብሎ የሚጽፍ ቤተሰብ ግን አንድ ሳምንት ሀብታም፣ ሌላውን ሳምንት ድሃ ሆኖ ይኖራል። ዕዳ ከዘካ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ እሱን ሼሆቻችሁን ጠይቁ። ነገር ግን ዕዳችሁ ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ብትጠይቁን ምን ብለን እንመልስላችሁ?

"ሼህ፣ ብር መቁጠር በረካ ያነሳል" የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ። ንግግሩን አከብራለሁ፤ ስስታም ሆኖ ሌት ተቀን ብር መቁጠርን የሚነቅፍ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያህ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የመጣው ስለ መጻፍ ነው። አያው የወረደው በጊዜ ለተወሰነ ዕዳ ነው፤ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ሳይሰለች እንዲመዘገብ ያዛል። ከራስ ወደ ራስ የሚደረግ ዝውውር ዕዳ አይደለም፤ ስለዚህ አያው በቀጥታ ስለሱ ነው አልልም። ጥበቡ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው ይረሳል፣ ይሞታል፣ ይጠረጠራል። የተጻፈ ነገር ጥርጣሬን ያርቃል።

ሞትን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ አባት ሲሞት በሦስት ባንክ ገንዘብ ትቶ ሄደ። በአንደኛው ውስጥ ውጭ አገር ያለው ልጁ ለራሱ ቤት መሥሪያ የላከው ገንዘብ ነበረበት። አባትየው ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ሌላ ባንክ አዛውሮት ከራሱ ቁጠባ ጋር ተቀላቅሏል። ልጁ "አማናዬ ነው" ይላል፤ እህቶቹ "ለአባታችን የሰጠው ስጦታ ነው፤ ውርስ ነው" ይላሉ። የባንኩ ወረቀት ቀኑንና ብሩን ይናገራል፤ የማን እንደሆነና ለምን እንደተዛወረ ግን አይናገርም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ መሐላ ተጠየቀ፣ ለቅሶው ሳይደርቅ ወንድምና እህት ተኮራረፉ። "የልጄ አማና፣ ለቤት፣ ከዚህ ወደዚያ አዛወርኩት" የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ታዲያ እንዴት እንጻፍ? በደብተር ለሚጽፍ፣ ለእያንዳንዱ ባንክ፣ ለቴሌብሩም፣ ለኪሱም የየራሱ ገጽ ይኑረው። ዝውውር ሲኖር ከአንዱ ገጽ ይቀንስ፣ በሌላው ገጽ ይጨምር፣ አጠገቡም "ዝ" የምትል ፊደል ያኑር። በወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪ ሲደምር "ዝ" ያለበትን ይዝለለው። በሁሉም ገጾች ያሉት "ዝ" ወጪዎችና "ዝ" ገቢዎች እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ አንዱን ወገን ሳይጽፍ ቀርቷል ወይም ተሳስቶ ጽፏል ማለት ነው።

በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ለሚጽፉ ወጣቶችም ሕጉ አንድ ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው የነጋዴዎች አጻጻፍ፣ ማንኛውም ብር መነሻና መድረሻ አለው የሚል ነው። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ግኑካሽ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዝውውሩን በአንዱ ሒሳብ ላይ ስትጽፉት በሌላው ላይ ራሱ ይታያል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ላይ ደግማችሁ አትጻፉት። የሁለቱንም ባንክ መግለጫ ወደ ፕሮግራሙ የምታስገቡ ከሆነ ግን ያው ዝውውር ከሁለት ወገን ስለሚመጣ፣ ሁለቱን አገናኝታችሁ አንድ አድርጉት። ሌሎች የስልክ መተግበሪያዎችም ብዙዎቹ ከገቢና ከወጪ ሌላ ዝውውር የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙ። የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ለሚጠይቅ መተግበሪያ ግን አትስጡ፤ ከዚያ ደብተር ይሻላል።

በዘካ ቀን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዛሬ ከአንዱ ወጥቶ ነገ ወደ ሌላው የሚገባ ብር በሁለቱም ላይ ላይታይ ይችላል፤ በመንገድ ላይ ያለ ግመል ባለቤት የለውም አይባልምና አንድ ጊዜ ቁጠሩት። ሳይሳካ ቀርቶ የተመለሰ ብርም ገቢ አይደለም፤ የሄደውንና የተመለሰውን አጣፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመስጂድ፣ የደረሳ፣ የጀመዓ ገንዘብ በስማችሁ ካለ ለብቻው ሒሳብ ክፈቱለት። ካልተቻለም ለብቻው ገጽ ይኑረው። ባንኩ በስማችሁ ቢያስቀምጠውም የእናንተ ሀብት አይደለም፤ በዘካችሁ ውስጥ አይቆጠርም፤ በጨነቃችሁ ጊዜም "እመልሰዋለሁ" ተብሎ አይነካም።

ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ባልና ሚስት ተቀመጡ። ስልኮቻችሁን አውጡ፤ ወረቀት ላይ ያሏችሁን ሒሳቦች በሙሉ ጻፉ፤ በየሒሳቡ ያለውን ብር በአንድ ቀን ለኩ። ከዚያ የልጆቻችሁን እርዳታ ጠይቁ፤ እኔ ከልጄ መማር አላሳፈረኝም። አላህ ፊት የምንቆምበት ቀን ስሙ የሒሳብ ቀን ነው። እዚያ ስለ ገንዘባችን ከየት እንዳገኘነውና በምን ላይ እንዳዋልነው እንጠየቃለን። መነሻውንና መድረሻውን ዛሬ ጽፎ የተዘጋጀ ሰው መልሱ ይቀለዋል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሒሳባችንን ቀላል ያድርግልን። አሚን።